ለሚዛን የሚጫን ድንጋይ

አምላኩ አምና ግድቡ ውስጥ ሰምጦ ቀረ፤ ሬሳው ሳይገኝ ተዝካሩን አወጡለት። ዘንድሮ ወንድሙ ክንዱ ከበርሜል ቆራርጦ ቡሬ ያስበየዳትን ጀልባ ውሃ ላይ አውርዶ፣ ሟቹ ትቶት የሄደውን አሮጌ የቤንዚን ሞተር ሊሞክር ተነሳ። ሞተሩ ከኋላ ስለሚከብድ የጀልባዋ ፊት ሽቅብ እንዳይነሳ ሚስቱን እማዋይሽን፣ «ከፊት ድንጋይ ጫኝልኝ» ብሏት ጀርባውን ሰጥቶ ቤንዚን ይቀዳ ጀመር።

ገመዱን ሦስቴ ሲስበው ሞተሩ እየሳለ ተነሳ። ጀልባዋ ሳትዘም ቀጥ ብላ ሄደች። ከፊት የተጫነው በጋቢ ተሸፍኗል።

«ድንጋዩም በረደው እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

መሃል ደርሶ ሞተሩን ሲያጠፋ የእማዋይሽ ጩኸት ከዳር ተሰማው።

«አንተ ሰውዬ! ድንጋዩን ሳልጭነው ጥለኸኝ ሄድክ እኮ! ይኸው፣ ተቀምጬበታለሁ!»

ጋቢው ከጫፉ ውሃ እያንጠባጠበ፣ ቀስ ብሎ ወደ ክንዱ ዞረ።