የሰብሌ ብልቃጥ

በሰባ ስምንት ዓ.ም. ክረምት ቀራንዮ ውስጥ ከሰብሌ መኳንንት የበለጠ ደስተኛ ሰው ፈልጎ ማግኘት ይቸግር ነበር። አንድ የጤና ማሠልጠኛ ለሁለት ዓመት የላቦራቶሪ ትምህርት ከቀበሌያቸው የሚወስደው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በፈተናው አንደኛ የወጣችው ደግሞ እሷ ነበረች። ሁለተኛ የወጣችው ጓደኛዋና ጎረቤቷ እሙ ተጠባባቂ ተባለች። ሰብሌን አንድ ነገር ካጋጠማት እሙ ትገባለች ማለት ነው።

እሙ አቅፋ ሳመቻት። «ታድለሽ! እኔ እንግዲህ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሹራብ ልሥራ» አለቻት። ሰብሌ ያን ጊዜ ሳቀች። ኋላ ግን ይህችን ንግግር እያመጣች ታመነዥካት ጀመር።

አባቷ አቶ መኳንንት ኩራታቸውን መደበቅ አልሆነላቸውም። እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። ወፍጮ ቤት ስለሚሠሩ ቅንድባቸው ሁልጊዜ ነጭ፣ ጉሮሯቸውም ሁልጊዜ ዱቄት እንደያዘው ነው። «ከእንግዲህ ነጭ ልትለብሺ ነው፤ እንደኔ!» እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

የቀረው የጤና ምርመራ ብቻ ሆነ። ጤና ጣቢያው ለሁለቱም ልጆች ክዳን ያላት ትንሽ ብልቃጥ ሰጥቶ፣ ጠዋት ሲነሱ ከደረታቸው የወጣ አክታ ይዘው እንዲመጡ አዘዛቸው።

ሲሰሙት ቀላል ነገር ይመስላል። ሰብሌ ግን በማግሥቱ ማልዳ ተነሥታ ደጅ ላይ ብትታገል፣ ደረቷን ብትደበድብ፣ ከምራቅ በቀር ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። አቶ መኳንንት በሩ ላይ ቆመው አዩዋት።

«ምነው፣ እምቢ አለሽ?»

«እምቢ አለኝ፣ አባባ። እንዲሁ ብሄድ ይመልሱኛል።»

«አይዞሽ፣ ትንሽም ብትሆን ትበቃቸዋለች። በይ ፊትሽን ታጠቢና ሂጂ፤ እሙ መጥታ እየጠበቀችሽ ነው።»

ተጣጠበች፣ ነጠላዋን ጣል አደረገች፣ በጋዜጣ የተጠቀለለችውን ብልቃጥ ከአባቷ እጅ ተቀብላ እየሮጠች ወጣች። እሙ የራሷን ብልቃጥ ይዛ አጥሩ ሥር ቆማ ታስላለች። በዚያ ክረምት ጉንፋን አልለቅ ብሏት ነበር።

ሰልፉ ሊደርሳቸው ሲል ሰብሌ ፎቶግራፏን መርሳቷ ትዝ አላት። ብልቃጧን ለእሙ አስይዛ ወደ ቤት ከነፈች። ስትመለስ እሙ የሁለቱንም አስረክባ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች።

«ስሜን በደንብ አስጻፍሽልኝ?»

«አንቺ ደግሞ! የኔን ነው የማስጽፍልሽ?» አለችና ሳቀች።

ውጤቱ የመጣ ዕለት ሐኪሙ ሰብሌን ለብቻዋ አስጠራት።

«የሳንባ ነቀርሳ አለብሽ። ነገውኑ መርፌ ትጀምሪያለሽ። የዘንድሮው ትምህርት አልፎሻል።»

«እኔ? እኔ እኮ ሳል እንኳ የለብኝም!»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

«እንደገና ልስጥ በቃ! አሁኑኑ!»

«ውጤቱን ማሠልጠኛው አውቆታል» አለና ሌላ ሰው ጠራ።

ስታስል የከረመችው እሙ ግን ፍጹም ጤነኛ ናት ተባለ። በሳምንቱ በሰብሌ ቦታ ገባች።

ሰብሌ ለአባቷ «ጣሉኝ» ከማለት ሌላ ያወራችው ነገር የለም። የዚያ በሽታ ስም ቤት ውስጥ አይጠራም፤ በዚያ ላይ የእሷ አይደለም። መርፌውን ተደብቃ እየሄደች ተወጋች። በተወጋች ቁጥር እሙን ረገመቻት። አብረው ያደጉ፣ አንድ ደብተር ተካፍለው የተማሩ ልጆች ናቸው። ሰው ሰውን እንዲህ አድርጎ ይከዳል? ባዕድ ቢያደርገው እንዲህ ባላንገበገባት ነበር።

አንድ ቅዳሜ እሙ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ልትጠይቃት መጣች።

«ማይክሮስኮፑን ብታዪው፣ ሰብሌ! ሳየው ሁልጊዜ አንቺ ነሽ ትዝ የምትዪኝ።»

ሰብሌ ፈገግ ብላ ሸኘቻት። ከዚያ ነጠላዋን አነሳችና በቀጥታ ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄደች።

የእሙ ወንድም ወንድይፍራው ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ጠፍቶ ነበር። ጅማ ሄዷል ነው የሚባለው። ያለበትን ከቤተሰቡ ውጪ የምታውቅ ሰብሌ ብቻ ናት፤ እሙ ነበረች በእምነት የነገረቻት።

«እነሱ ቤት ኮርኒስ ውስጥ ነው ያለው» አለቻቸው ሊቀ መንበሩን፣ ጓድ በዛብህን።

በማግሥቱ አብዮት ጠባቂዎች ጎትተው አወረዱት። ሰፈሩ ወጥቶ እያየ መኪና ላይ ጫኑት። ወደ ሰሜን ጦር ሜዳ እንደሚላክ ያልገባው ሰው አልነበረም። ሰብሌ በመስኮት አየች። ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ መኪናው ሳይነሳ ግን መስኮቱን ዘጋችው።

ማታ እራት ቀርቦ የእሙ እናት የወይዘሮ አበበች ለቅሶ በግድግዳው በኩል ይሰማል። አቶ መኳንንት የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡ።

«ምስኪን! አንድ ወንድ ልጅ ነበራት። የትኛው ጨካኝ ነው የጠቆመባት?»

ሰብሌ አልቻለችም።

«እኔ ነኝ።»

«ምን አልሽ?»

«እኔ ነኝ አልኩ! እሙስ ምን አደረገችኝ? የኔ አክታ ንጹሕ ነበር። የራሷን የነቀርሳ አክታ በኔ ስም አስረክባ ቦታዬን ወሰደችብኝ! ይኸው ባልታመምኩት በሽታ መርፌ እየተወጋሁ ነው!»

አቶ መኳንንት ገበታውን ገፋ አድርገው ወደ እሷ ዞሩ።

«ልጄ፣ ባዶውን ይዘሽ ሄደሽ እንዳይመልሱሽ ብዬ፣ ፊትሽን ስትታጠቢ ብልቃጧን በራሴ አክታ የሞላሁልሽ እኮ እኔ ነኝ።»