ሽማግሌ ያልተላከላት

በድሮው ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ የጋዜጣ አዘጋጇ የቢሮዋን ቁልፍ አለቃዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ባቡር ጣቢያ ወደሚጠብቃት ሰው ሮጠች። ሐምራዊት ስልኳን ጭኗ ላይ ደፍታ ያዘች። ሉዊስ ሴንተር በሚባለው ሰፈር ያለው የምትሠራበት መጋዘን ሱፐርቫይዘር፣ የሠራተኞች ኃላፊ ሁኚ ብሏታል፤ መልሷን ዛሬውኑ ማሳወቅ አለባት። ሠርጓም ደርሷል።

"አየሽ?" አለ እጮኛዋ አንድርያስ፣ እግሩን ሶፋው ላይ ዘርግቶ እየሳቀ። "ሴትየዋ መጨረሻ ላይ ልብ ገዛች። አንቺም ኮል አድርጊና ሥራውንም ሹመቱንም አልፈልግም በያቸው፣ በቃ።"

ሐምራዊት መልስ ነበራት፤ ግን እናቱ እትዬ መሰረት አጠገቧ ተቀምጠዋል። አማቷ በሚሆኑት ሴት ፊት ከልጃቸው ጋር መከራከር ከበዳት። አውራ ጣቷ የስልኩን ጠርዝ ደጋግሞ ፈተገ።

እትዬ መሰረት እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ ፊልሙን የሚከታተሉት በዓይናቸው ብቻ ነበር። "ወዴት ነው እንዲህ የምትሮጠው?" ብለው ጠየቁ።

"ወደሚያገባት ሰውዬ ነዋ፣ እማዬ።"

"ሽማግሌ ልኮባታል?"

"የምን ሽማግሌ? ፈረንጆች እኮ ናቸው።"

"እሱ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሞ፣ እሷ ሥራዋን ጥላ ትሩጥለት?" እትዬ መሰረት ፊታቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ። "ያንተ ሽማግሌዎችስ? አባቷ ፊት ቆመው ልጅዎን ለልጃችን ብለው ሲለምኑ፣ ከሥራ እናስወጣታለን ብለዋል?"

አንድርያስ እግሩን ከሶፋው አወረደ። "አላሉም።"

ሐምራዊት ለሹመቱ እሺ ልትል የአለቃዋን ቁጥር ነካችና ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች። መጥራት ሲጀምር፣ አንድርያስ ሪሞቱን አንስቶ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰ።