ሰደፉ ላይ ወፍ ያለበት ጠመንጃ

ታጋክ ከባሕሩ በረዶ ሲመለስ ናፓቺ ደጇ ላይ የባሕር አውሬውን የአቆስጣን ቆዳ ትፍቅ ነበር። ለአደን ሲወጡ ሁለት ነበሩ። አሁን በበረዶ ላይ የሚሄደውን ሞተሩን እየነዳ የመጣው ታጋክ ብቻ ነው።

“ባሌስ?” አለችው።

“በረዶው ተሰነጠቀ።” ፊቷን ለማየት አልደፈረም። “ካሉክ አልመጣም።”

ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣውም። ለአፈላላጊዎቹም ያንኑ ደገመላቸው። ሰዎቹ ማዕበሉ እስኪያባርራቸው ድረስ ፈለጉ፤ ከውሃው ዳር አንድ ጓንት አገኙ። ከዚያ ፀሐይ ለወራት የማትወጣበት ረጅሙ ጨለማ ገባ፣ ፍለጋውም ቆመ።

ናፓቺ አላለቀሰችም። ማልቀስ አትወድም። ምላሷ ስለታም፣ እጇም ፈጣን መሆኑን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ካሉክ ደግሞ የዚያ ተቃራኒ ነበር፤ ስትጮህበት አንገቱን ደፍቶ ወደ ውሾቹ ይወጣል። ያን መኸር ቅንድቡ ተሰንጥቆ፣ ኋላም ከንፈሩ አብጦ ሲያዩት “ተንሸራትቼ ነው” እያለ ይስቅ ነበር። በረዶ ላይ የሚኖር ሰው መቼም ይንሸራተታል።

“ገድሎታል” አለች ለወንድሟ ለሙክፓ።

“ተይ እትዬ። ባሕር ነው የበላው።”

“ባሕር የበላውን ሰው ጓደኛው አያለቅስለትም? ዓይኑን አይተኸዋል? አንዲት ጠብታ የለችበትም!”

እውነትም ታጋክ አላለቀሰም። ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ያደጉ ናቸው፤ አንድ ምንጣፍ ላይ ተኝተው፣ ከአንድ ድስት በልተው። እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት ዝም ይባላል?

ወሬው ከቤት ወደ ቤት ዞረ። ከታጋክ ጋር አደን የሚወጣ ጠፋ። ሱቅ ሲገባ ጨዋታ ይቆማል፤ ሴቶች ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ይስባሉ። እሱ ግን ሻዩን፣ ብስኩቱን፣ ትምባሆውን ይሸክምና ማንንም ሳያይ ይወጣል።

“ለአንድ ሆድ ይሄ ሁሉ?” አለች ባለሱቋ አንድ ቀን።

“የገደለ ሰው ይርበዋል” አለች ናፓቺ ሱቁ ሙሉ ሰው እየሰማት።

ታጋክ በሩ ላይ ቆም አለ። የሚመልስ መስሏቸው ሁሉም ጠበቁ። ሸክሙን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ወጣ።

አቆስጣ በገደለ ቁጥር ድርሻ ይዞላት ይመጣል። ደረጃዋ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል፤ ጉበቱ ሁልጊዜ አብሮ አለ። ናፓቺ ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ጉበት ነው። እሱ ዞር ሳይል ስጋውን አንስታ ለውሾቹ ትወረውረዋለች።

“የባሌን ደም በጉበት ልትገዛኝ ነው? ውሻ! ውሻ እንኳ ያበላውን አይነክስም!”

“ብትበዪው ይሻላል ናፓቺ። ክረምቱ ከባድ ነው።”

“ከአንተ እጅ ከምበላ ጫማዬን ቀቅዬ እበላለሁ!”

ጫማዋን አልበላችም፤ ግን ከሳች። ሙክፓ የሚያመጣላት ለራሱም ቤት አይበቃም ነበር። ረሃቧ ጥላቻዋን እየመገበ ክረምቱ አለፈ።

ፀሐይዋ ተመልሳ በረዶው በብርሃን ሲያንጸባርቅ፣ ናፓቺ ሱቁ በር ላይ የታጋክ ተጎታች ጋሪ ቆሞ አየች። ንፋሱ የሸራውን ጫፍ ገለጠው። ሸራው ሥር ጠመንጃ ነበር። ሰደፉ ላይ ከአጥንት የተቀረጸች ትንሽ ወፍ ተለጥፋለች።

ወፏን የቀረጻት ካሉክ ነው። ያን ዕለት ሲወጣ ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነበር። ባሕሩ ሰውየውን ከዋጠው፣ ጠመንጃውን ማን አወጣው?

ለመጀመሪያ ጊዜ አልጮኸችም። ሸራውን መልሳ ሸፈነች፤ ወደ ሙክፓ ቤት ሄዳ የወንድሟን ጠመንጃ ከግድግዳው አወረደች።

“እትዬ፣ ምን ልታደርጊ ነው?”

“ሬሳውን የት እንደጣለው ያሳየኛል። ከዚያ እሱም እዚያው ይቀራል።”

“ልምጣ አብሬሽ።”

“ቁጭ በል! ልጆች አሉህ። ሞተርህን ብቻ ስጠኝ።”

የታጋክ የሞተር ዱካ ትኩስ ነበር። የባሕሩን በረዶ አቋርጦ፣ ማንም ከማያድንበት ደሴት ጀርባ ገባ። ናፓቺ ንፋሱ ፊቷን እየላጣት ተከተለችው። ምን እንደምትለው በልቧ ደገመችው፤ ሲለምናት አየችው፤ ደስ አላት።

ከገደሉ ሥር ያረጀች የሳንቃ ጎጆ አለች። ታጋክ ከጋሪው ላይ ጆንያ እያወረደ ነበር። የሞተሯን ድምፅ ሰምቶ ዞረ፤ ማን እንደሆነች ሲያይ ጆንያው ከእጁ ወደቀ።

“አትንቀሳቀስ!” ጠመንጃውን ደረቱ ላይ አነጣጠረች። “የት ቀበርከው?”

“አልቀበርኩትም።” እጆቹን አነሳ። “ናፓቺ፣ በእናትሽ ተመለሺ። እኔን እንደፈለግሽ አድርጊኝ፤ እዚህ ግን አትቁሚ።”

“ጠመንጃው አንተ ጋ ምን ይሠራል? ተናገር!”

“ብሎኑ ወልቆ ላሠራው ወስጄው ነው። ተመለሺ ብዬሻለሁ!”

“ላሠራው? የሟች ጠመንጃ? ጨርሶ አታፍርም!” ጣቷን ምላጩ ላይ አሳረፈች። “ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅህ። ባሌ የት ነው?”

ታጋክ ዓይኖቹን ጨፈነ። ሙሉ ክረምት ያልወጣው እንባ በጉንጩ ወረደ። የሚሞት ሰው እንባ መሰላት።

ያኔ የጎጆዋ በር ተከፈተ።

“ታጋክ፣” አለ ካሉክ ሊመቱት እንደመጡበት ሰው ፊቱን በሁለት ክንዱ ከልሎ ወደ ውስጥ እያፈገፈገ፣ “እሷን እንዳታመጣብኝ ምለህልኝ አልነበር?”