ቀይ ካፖርቷ እና የሐሙስ እርምጃዋ

«ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት... ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ... ሁለት መቶ አርባ እርምጃ።»

ክሊፎርድ መጋረጃውን ለቀቀው።

ጎረቤቱ ሄዘር በቀይ ካፖርቷ፣ ምርኩዟን ይዛ፣ መንገዱን ጨርሳ ጥጉ ላይ ታጠፈች።

አንዴም አላረፈችም...

ክሊፎርድ ቆጠራ አይሳሳትም። በአንዲት አሮጌ መኪናና በሁለት መሰላል ጣሪያ መሥራት ጀምሮ ዐሥራ አራት ሠራተኛ እስከ መቅጠር የደረሰው፣ ሚስማር ሳይቀር እየቆጠረ ነው።

ሄዘር ደግሞ የነርቭ ሕመምተኛ ናት ተብሎ በአርባ ስድስት ዓመቷ የአካል ጉዳት ድጎማ ታገኛለች። ከድጎማው ጋር መኪናም ተሰጥቷታል።

«ምርኩዙ ለፎቶ ነው» አለ ጓደኛው ዴዝመንድ፣ እንግሊዝ አገር ኦልደም ከተማ ውስጥ ሁልጊዜ በሚገናኙበት መጠጥ ቤት። «እኛ ለፍተን በከፈልነው ግብር ሽር ትላለች።»

«አንተ ደግሞ መቼ ነው የለፋኸው?»

«ዛሬ ጠዋት ከአልጋ ወርጃለሁ።»

ተሳሳቁ።

ክሊፎርድ ግን ቤቱ ሲገባ ስልኩን አነሳ። የደወለው ድጎማ የሚያጭበረብር ሰው ወደሚጠቆምበት ቁጥር ነው። የጠቋሚው ስም አይጠየቅም።

«ዐሥራ አንድ ሐሙስ ቆጥሬያለሁ» አለ። «ቀኑን ከነሰዓቱ ልንገርሽ።»

ስልኩን ያነሳችው ልጅ መዘገበች። ከዚያ ጠየቀችው...

«ስትመለስስ አይተዋታል?»

«ሄዳ የት ልትቀር ነው?» አለና ዘጋው።

በመከር ወራት ለሄዘር ደብዳቤ ደረሳት። ድጎማው ተቋረጠ። በሁለተኛው ሳምንት መኪናዋን በጭነት መኪና ጭነው ወሰዱት።

ክሊፎርድ በመጋረጃው ቀዳዳ አየ። ደስ ይለኛል ብሎ የጠበቀውን ያህል ደስ አላለውም... ግን ሻዩን ጠጣ።

ከዚያ ወዲያ ቀይ ካፖርት በዚያ መንገድ አላለፈም።

ክሊፎርድ እሁድ እሁድ ሚስቱን ሞሪንን ይጠይቃል። የአረጋውያን መጦሪያው ከመንገዱ ጥግ ታጥፎ ነው። ሞሪን የማስታወስ ችሎታዋ ከድቷታል፤ ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር ትቀመጣለች።

«ቀይዋ መጣች» ትለው ነበር ሁልጊዜ።

«እሺ የኔ ቆንጆ» ይላታል። በሽታው ነው ብሎ።

አንድ እሁድ ግን ማንኪያውን በእጇ መለሰችው።

«ቀይዋ ቀረች።»

አስታማሚዋ ፊሎሚና ሳህኑን አነሳች። «ሄዘር ከቀረች ወዲህ እንዲሁ ናት። አምስት ሳምንቷ። ክብደቷም ቀንሷል።»

«የትኛዋ ሄዘር?»

«ጎረቤትዎ ናታ። ሐሙስ ሐሙስ የምታበላት እሷ አልነበረች?»

ክሊፎርድ ማንኪያውን አስቀመጠ። «መኪና እያላት... ለምን በእግሯ?»

«በመኪና ስትመጣ ሞሪን አታውቃትም። ያ ቀይ ካፖርት በመስኮቱ ሲያልፍ ነው ፊቷ የሚበራው። ስትመለስ አላዩም እንጂ፣ እግሯ አይሸከማትም። በጓሮው መንገድ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ የማደርሳት እኔ ነኝ። እስከ ቅዳሜ ከአልጋ አትነሳም።»

ክሊፎርድ ወደ በሩ ወጣ። እዚያ ጠያቂ ሁሉ የሚፈርምበት መዝገብ አለ። ቁጭ ብሎ ገለጠው።

ሄዘር... ስልሳ ሦስት ሐሙስ።

እሱ ራሱ... አርባ አንድ እሁድ።

ሁለቴ ቆጠረው። ያው ነው።

ሰኞ ጠዋት ወደዚያው የጥቆማ ቁጥር ደወለ። «ተሳስቻለሁ። ጥቆማዬን ላንሳ።»

«ውሳኔው ተሰጥቷል፣ ጌታዬ። ይግባኝ ማለት የምትችለው ራሷ ናት። ወረፋው ከዓመት በላይ ነው።»

ወተትና ዳቦ ገዝቶ በሯን አንኳኳ። ሄዘር ግድግዳውን ተደግፋ ከፈተች።

«ሚስተር ክሊፎርድ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሞሪን እንዴት ናት? ረቡዕ ሕክምናዬ በሁለት አውቶቡስ ሆኗል፤ ለሐሙስ የሚተርፍ እግር የለኝም።»

«ሞሪንን እንደምትጠይቂያት ለምን አልነገርሽኝም?»

«የሚያውቁ መስሎኝ። ሳልፍ መጋረጃው ሲንቀሳቀስ አይ ነበር... የሚሸኙኝ መስሎኝ ነበር።»

ክሊፎርድ መሬት መሬት አየ።

«ሰው ጠቁሞብኛል» አለች። «ማን እንደሆነ ግን ማወቅ አልፈልግም። ካወቅኩ እዚህ መንገድ ላይ መኖር አልችልም።»

አፉን ከፈተ...

«ወተቱን ፍሪጅ ውስጥ ላስገባልሽ» አለ።

ሊወጣ ሲል ቀዩን ካፖርት በሩ ኋላ ተሰቅሎ አየ።

«ለሐሙስ ታውሺኛለሽ?»

ሐሙስ ለበሰው። እጅጌው ክንዱ ላይ ቀረ። ዴዝመንድ ከማዶ ሆኖ ሳቀበት። ክሊፎርድ ዞር ብሎም አላየው። ሁለት መቶ አርባ እርምጃ ቆጥሮ ታጠፈ።

ሞሪን በመስኮቱ አየችው። ፊቷ በራ...

ቀረብ አለ።

የፊቷ ብርሃን ጠፋ። አንገቷን አስግጋ ከሱ ኋላ ያለውን መንገድ ማየት ጀመረች።

ገብቶ አጠገቧ ሲቀመጥ እንዲህ አለችው...

«ዛሬም አልመጣችም።»

ወገኖቼ፣ እኛ ሰው በእግሩ ሲሄድ እናያለን። ያ መንገድ ምን እንዳስከፈለው፣ በማን ተገፍቶ እንደተመለሰ፣ ስንት ቀን እንደተኛ ግን አናይም። በመስኮት ባየነው ልክ «ይገባዋል፣ አይገባውም» ብለን ስንፈርድ፣ የምንነጥቀው የማናውቀውን ሰው ብቻ ላይሆን ይችላል። አንዳንዱን ደግሞ ተጸጽተንም አንመልሰውም።

የሄዘር ይግባኝ ዛሬም ወረፋ ላይ ነው። የጠቆመባት ማን እንደሆነም አታውቅም።

እናንተ በክሊፎርድ ቦታ ብትሆኑ... እውነቱን ትነግሯት ነበር፣ ወይስ ወተቱን ፍሪጅ ውስጥ አስገብታችሁ ትወጡ ነበር? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።