በማን ስም ይከፈት

«ወርዷል» ይለኛል የእህቴ ልጅ ዮናስ በስልክ፣ ከላይ ከተራራው ሥር ሆኖ። «ትልቅ ነው አያ። ግማሽ ሰዓት ቢቆያችሁ ነው።»

ቆቦ ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ደመና የሚባል ነገር የለም። የኛ ውሃ እንዲህ ነው፤ ደጋው ይዘንብበታል፣ እኛ በጎርፉ እናመርታለን። ማሽላው ራስ ሊያወጣ ደርሶ በጥም ቅጠሉ ተጠቅልሏል። ይህ ጎርፍ ካመለጠን ዘንድሮ ሌላ አይመጣም።

ስልኩን በላስቲክ ጠቅልዬ ኪሴ ከትቼ ዞር ስል፣ ኡሙልኸይር አካፋ ይዛ ከባሏ ከመንሱር ማሳ አፍ ላይ ቆማለች። ውሃው ከቦዩ ወደ ማሳው የሚገባበትን ያንን አፍ ዛሬ ጠዋት በአፈርና ከወንዙ ግድብ በተረፈ እሾህ የደፈንኩት እኔ ነኝ፣ ሰው ሁሉ እያየ።

«ነግሬሻለሁ» እላለሁ። «አይከፈትም።»

አስራ ዘጠኝ ዓመት የውሃ አባት ነኝ። ደንቡን እኔ አላወጣሁትም፤ ግን እወደዋለሁ። ቦይ በሚጠረግበት ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት ስም እጠራለሁ። ሦስቱንም ቀን አካፋ ይዞ «አለሁ» ያለ ሰው፣ ጎርፍ ሲመጣ ስሙን ስጠራ የማሳውን አፍ ይከፍታል። ሳይጠራ የከፈተውን ቅሬው፣ ዕድራችን፣ ያስወጣዋል፣ ጎረቤት እሳት ይነፍገዋል። መንሱር ሦስቱንም ቀን ጎብዬ ከተማ ሻይ ቤት ጫቱን ታቅፎ ተጎልቶ ነበር፤ ዛሬም እዚያው ነው። ሰነፍ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል፤ አልደብቅም።

«ሰነፍ ነው፣ አልክድም» ትላለች። «ሰነፍን አይርበውም እንዴ አያ አላምረው? ልጆቹንስ?»

«ሊሠራ የማይወድ አይብላ ይላል መጽሐፉ።»

«ይበል። አላህ ግን ዝናቡን ሲያወርድ ስም አይጠራም።»

«እሱማ ቦይ አይጠርግ» እላለሁ። ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደንግጬ አማትባለሁ።

«እኔ ግን ጠርጌያለሁ።»

አይቻታለሁ። ሦስቱን ቀን እሾህ በጀርባዋ ተሸክማ ወደ ወንዙ አፍ ስታመላልስ ነበር፤ ጎርፉን ወደኛ የሚጠልፈው ግድብ የቆመው በዚያ እሾህ ነው። ጠዋት ጠዋት «መንሱር» ስል ከኋላ «አለን» ትላለች፣ እኔም አልፌያት የሚቀጥለውን እጠራለሁ። ሴት እሾህ ትሸከማለች፣ ምሳ ታመጣለች፤ የሚጠራው አካፋ የያዘ ወንድ ነው። ከአባቶቻችን የተረከብነው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ድምፁ ይመጣል። ከዚያ ራሱ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ቅርንጫፍና የፕላስቲክ ጠርሙስ እየገፋ።

«ሙሀመድሰይድ!» ብዬ እጠራለሁ፤ ይከፍታል። «ታደሰ!» ይከፍታል። «መህዲ!» እሱም ይከፍታል። የተጠራው ማሳ ሁሉ ይጠጣል። የመንሱርን ዘልሎ ውሃው ወደ መጨረሻው ማሳ ይወርዳል። መጨረሻው የኔ ነው፤ የውሃ አባት የሚያጠጣው ሰው ሁሉ ካጠጣ በኋላ ነው።

ዮናስ ትልቅ ነው ያለው እውነቱን ኖሯል። ለመንሱርና ለኔ ማሳ የሚከፈለው ውሃ በሙሉ የኔን ማሳ ጠርጎ ሊሄድ ይንደረደራል። ውሃው ማሳዬ ጋ ሲደርስ የቦዩ ዳር ሲሰነጠቅ አያለሁ። እዚያ ከተበጠሰ ማሽላው ከነአፈሩ አስፋልት ላይ ነው የሚገኘው። ቦዩ ውስጥ ዘልዬ እገባና ጀርባዬን ስንጥቁ ላይ እለጥፋለሁ።

«የሰው ያለህ!» እላለሁ። ማን ይምጣ? ሁሉም በየማሳው አፍ ላይ ተተክሏል። ጎርፍ ላይ ማሳውን ትቶ የሚሄድ ሰው ሰው አይደለም ብዬ ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ።

ኡሙልኸይር ከኔ በላይ ስድስት እርምጃ ላይ ናት። አሁን ብትከፍት ማን ይይዛታል? ከዚህ ንቅንቅ ብል ከዳሩ ጋር አብሬ ነው የምሄደው። እሷ ግን አትከፍትም። ታየኛለች።

«ክፈቺው» እላለሁ፤ ግማሹ ውሃ ወደዚያ ከዞረ ዳሩ ይተርፋል።

«ሳይጠሩ?»

ውሃው ደረቴ ላይ ደርሷል። ባለኝ ድምፅ «መንሱር!» እላለሁ።

አካፋው አይነሣም። «መንሱር ጎብዬ ነው አያ» ትላለች። እሷም እንደኔ ፈርታለች፤ ማሽላዋ ከኋላዋ ተጠምቶ ቆሟል።

ከጀርባዬ አፈሩ ሲናድ ይሰማኛል። ለራሴ ማሳ ብዬ ደንብ ላፈርስ ነው፤ አፍራለሁ። ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ግን ያ ሦስት ጠዋት ከኋላ የሚመጣው «አለን» ነው። አልሰማሁም ልል አልችልም። ሰምቼ ነው ያለፍኩት።

«ኡሙልኸይር!»

«አለሁ» ትላለች። አካፋዋን ጥላ ጎንበስ ትልና፣ ያን በጀርባዋ ያመጣችውን እሾህ በባዶ እጇ ከማሳዋ አፍ ላይ ትነቅላለች።