በሕይወት ያሉ

በጤና ጣቢያው መስኮት የተቀመጠችው ጸሐፊ «በሕይወት ያሉ ልጆች ስንት ናቸው?» ስትል በጣልያንኛ ጠየቀች። ሊያስተረጉም የመጣው የስታቲስቲክስ ተማሪ ጥያቄውን ቀና ሳይል በአማርኛ ደገመው። የቤት ሠራተኛዋ እትዬ ትብለጥ ግን ሁለት ጣት ቀሰሩ። «ሁለት። ትልቁ አዲስ አበባ ነው፤ ልክ አንተን ያክላል።»

ትልቁን ደርግ እንደረሸነው ሮም ያለ አበሻ ሁሉ ሰምቷል፤ ከእናቱ በቀር። መርዶ ደግሞ በማለዳ፣ በቤት፣ ሰው ተሰብስቦ እንጂ በቢሮ መስኮት አይነገርም። መርዶው ለነገ ተቀጥሯል።

«ዱኤ» ሲል ተማሪው ሁለት መሆናቸውን ነገራት፤ ጸሐፊዋም ጻፈች።

«አሎራ፣ ታዲያ ጻፈችው?» አሉ እትዬ ትብለጥ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ተባረክ። ነገ ሐሙስ ዕረፍቴ ነው፤ በጠዋት ቤት ና፣ ቁርስ አበላሃለሁ።»

«እመጣለሁ» አለ ተማሪው። ሁለቱ ጣቶቻቸው ገና አልታጠፉም ነበር።