የአስማረ ካፖርት

ከአዘዞ ጎንደር ያለውን ዳገት በብስክሌት የሚያውቅ ሰው ስለ ዝነጣ አያወራም። ጠዋት ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ዳገቱ መሐል ላይ ላብ ነው፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ጭቃው እስከ ማጅራት ይረጫል። አስማረ በብስክሌት ሥራ መሄድ በጀመረ ሰሞን ረጅሙ ካፖርቱ ካቴናው ውስጥ ገብቶ ከነብስክሌቱ ቦይ ውስጥ ጣለው። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ሲስቅበት ሰነበተ።

ከዚያ ወዲያ ያለባበሱን ነገር ሚስቱ ይመኙሽ ያዘችው። ከኮሶዬ ወፍራም ቡናማ የሱፍ ባና አስመጥታ ለልብስ ሰፊው ሰጠች።

«አያ መለሰ፣ ከጉልበት በላይ ይሁን። ኪሱን ግን ጥልቅ ያድርጉልኝ» አለች።

የጦር ሠራዊቱ መኪኖች በጉም ውስጥ እንዳይገጩት ጀርባው ላይ ሰፊ ነጭ ጨርቅ በገዛ እጇ ሰፋችበት። ከአሮጌ ጎማ ላስቲክ ቆርጣ የሱሪ ጫፍ ማሰሪያ አበጀችለት። የሱፍ ቆብ፣ የአንገት ልብስና መነጽርም ጨመረች። አስማረ ያን ሁሉ ለብሶ ሲወጣ እናቱ ትምህርት ቤት የምትልከው ልጅ ይመስል ነበር፤ ግን ወደደው። ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ካፖርት ሌላ አልነበረም።

ጥልቁ ኪስ ምሳውንም የጎማ መንፊያውንም ይውጣል። ከፋሲካ በኋላ አልፎ አልፎ የማያውቃቸው ሰዎች የሰጡትን ጥቅል ወረቀትም ውጦ፣ መንገዱ ላይ ያለውን የፍተሻ ኬላ አሳልፎ ከተማ አድርሷል። ስሙን አልጠየቁትም፤ እሱም አልጠየቃቸውም። በኋላ ፈራና ተወው። ከይመኙሽ የደበቀው ነገር ቢኖር ይኸው ብቻ ነበር።

ዓመቱ ስልሳ ዘጠኝ፣ ወሩ ነሐሴ ነው። ይመኙሽ የቀበሌው ሱቅ ውስጥ ስኳር ታድላለች። አንድ ቀን ፊቷ አመድ መስሎ ከሱቅ ተመለሰች። አስማረ «ምነው?» ቢላት «አሞኛል» ብላ ተኛች። የጎረቤት ልጅ በተወሰደ ጊዜም እንዲሁ ሆና ነበር። «እነዚህ አብዮት ጠባቂዎች የፈለጉትን ሳያገኙ አይተኙም» ብላ ስታለቅስ ሰንብታለች። አሁንም የሰው ሐዘን ይዛ የመጣች መሰለው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ዳኛው የሚለው ስም ከአፏ ጠፍቶ አያውቅም። ዳኛው የአስማረ የልብ ጓደኛ ነው፤ ወንድ ልጃቸውን ክርስትና ያነሳ አበልጃቸው ነው። ወንደላጤ ነው፤ በቁመትም በትከሻም ከአስማረ አይለይም። እሱም ከተማ ይሠራል፤ አውቶቡስ ካጣ ግን በእግሩ ነው የሚሄደው።

«ምስኪን አበልጄ፣ በዚህ ብርድ!» ትላለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «እንዴት ያለ ሸጋ ሰው ነው» ትላለች።

በዚህ መሐል አስማረን ጉንፋን ያዘው። ያን ያህልም አልነበረም፤ ይመኙሽ ግን ሙጭጭ አለች።

«ሳልህ እስኪለቅህ ከቤት ንቅንቅ የለም። ብስክሌቱን ዳኛው ይያዘው። ካፖርቱንም ይልበስ።»

«ካፖርቴንም?»

«ምን አለበት? አበልጅህ አይደል?»

እሑድ ንስሐ አባቷ ዘንድ ሄዳ ዓይኗ አብጦ ተመለሰች። ለንስሐ አባት የተነገረ አይጠየቅም። አስማረ ግን ጠረጠረ፤ አንዴ ከጠረጠረ በኋላ ሁሉም ነገር ምስክር ሆነበት።

ሰኞ ጠዋት ዳኛው መጣ። አስማረ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ በመስኮት አያቸው። ይመኙሽ ካፖርቱን አለበሰችው፤ እስከ አንገቱ ቆለፈችለት። ቆቡን እስከ ቅንድቡ ሳበችው፤ አፉን በአንገት ልብሱ ሸፈነችለት።

«መነጽሩንም አድርገው፤ ንፋሱ ዓይንህን ያስለቅስሃል» አለች።

«አበልጄ፣ ሙሽራ አደረግሽኝ እኮ!» ብሎ ሳቀ ዳኛው።

የሱሪውን ጫፍ ልታስርለት ጎንበስ አለች። አስራ ከጨረሰች በኋላም ቶሎ አልተነሳችም። ጉልበቱን ሳመችው።

የአስማረ ደም ፈላ። በገዛ ካፖርቱ! በገዛ አበልጁ! ይህን ያህል ዓመት ያመናት ሴት ናት? ነጩ ጨርቅ ጉሙ ውስጥ እስኪጠፋ ቆማ ስትሸኘው እያየ አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ አለ።

ስትገባ አፈጠጠባት።

«የልጄን የክርስትና አባት? እግዜርን አትፈሪም?»

«እፈራለሁ» አለች፤ ቀና ብላ አላየችውም።

«ትወጂዋለሽ?»

«እኔ የምወደው አንተን ነው።»

ከሁሉ ይልቅ ይህ አንገበገበው። ዓይኑ እያየ ትዋሸዋለች! ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ስቦ ልብሱን ይወረውርበት ጀመር። እሷ አልከለከለችውም፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ በሩ ሲራመድ ጩኸት ተሰማ። ኬላው አጠገብ ወተት የምትሸጠው ጎረቤታቸው ትርንጎ ነጠላዋን እየጎተተች በሩን በርግዳ ገባች።

«ይመኙሽ! ጉድ ሆንሽ እህቴ! አስማረን ኬላው ላይ ገደሉት! ቁም እንኳ ሳይሉት! ካፖርቱን አይቼ ነው የ…»

አስማረን ሻንጣ ይዞ ቆሞ ስታየው ድምጿ ተቆረጠ።

አስማረ ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«አብዮት ጠባቂዎቹ ሱቁ ውስጥ ሲነጋገሩ ስም አልጠሩም» አለች ይመኙሽ። «ጀርባው ላይ ነጭ ጨርቅ ያለውን ነው ያሉት።»